«ሴት ብታውቅ…» በሸደር መንገድ

ከጅግጅጋ ወደ ሸደር የሚሄደው ሚኒባስ እስኪሞላ ተቀምጠን እንጠብቃለን። አንዲት ወተት ነጋዴ ወተቷን ሸጣ ባዶ ጀሪካኖቿን ይዛ ስትገባ ረዳቱ «የዕቃ ጨምሪ» አላት። እሷም ጠዋት ስንት ጀሪካን እንደጫነች፣ ስንት እንደከፈለች፣ ባዶው ከሙሉው እኩል ሊከፈልበት እንደማይገባ አንድ በአንድ ቆጥራ አፉን አስያዘችው። ከኋላዬ የተቀመጡ አዛውንት ነገሩ አስቋቸው፣ «አይ! ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» አሉ። ለካስ አማርኛውን አሳምራ ትሰማለች፤ ዞር ብላ «እንግዲያው አዴር፣ በወንድ የሚያልቅ ከሆነ ሂሳቡን እርስዎ ይጨርሱልኛ!» አለቻቸው። «አዴር» በሶማሊኛ አጎቴ ማለት ነው፤ የተናገረችው በክብር ነው። መኪናው በሳቅ ሞላ። አዛውንቱም ከኪሳቸው አውጥተው ከፈሉ።

እኔ መንገዱን ሙሉ ተረቱን ሳላምጥ ሄድኩ። ጉልበቱ ያለው በመጨረሻው ቃል ነው። «አለቀ» ስንል ሁለት ነገር እንላለን። ሽማግሌ ተቀምጦ ነገሩ አለቀ ሲባል ተቋጨ፣ ዳር ደረሰ ማለት ነው። ጤፉ አለቀ ሲባል ግን ጎታው ባዶ ሆነ ማለት ነው። ተራቹ የመጀመሪያውን ይዞ ይተርታል፤ ተረቱ የሚወድቅባት ሴት ብዙ ጊዜ የሚደርሳት ሁለተኛው ነው። ደግሞ ልብ በሉ፣ ተረቱ ሴት አታውቅም አይልም። ማወቋን አምኖ ነው የሚጀምረው። የከለከላት ማኅተሙን ነው።

ሁለቱንም ፍቺ በአንድ ሰው ላይ ለማየት እቴጌ ጣይቱ ብጡል ይበቃሉ። በ1888 ዓ.ም. ጣሊያን መቀሌ ላይ የመሸገበት ምሽግ በተኩስ አልደፈር ሲል፣ የምንጩን ውኃ የማስያዙ ዘዴ የእሳቸው ነበር፤ ጥሙ ምሽጉን አስለቀቀ። ምኒልክ በሕመም ሲወድቁ ደግሞ እቴጌይቱ አገሩን ለመምራት ሞከሩ። በ1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ተማክረው ከመንግሥት ሥራ እጃቸውን አስወጡና ባላቸውን እንዲያስታምሙ ብቻ ፈቀዱላቸው። በ1910 ዓ.ም. እንጦጦ ላይ አረፉ። ይህ የጤፉ ማለቅ ነው።

እኔ ግን ተረቱን ልፈትንበት የምፈልገው ለሸደር በሚቀርብ ሰው ነው። ከጅግጅጋ በቶጎ ወጫሌ ድንበሩን ተሻግሮ ሐርጌሳ መድረስ የጥቂት ሰዓት መንገድ ነው፤ እዚያ ወይዘሮ ኤድና አደን ኢስማኢል አሉ። (የእሳቸውን ዘመን የምቆጥረው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) በ1937 የተወለዱት ከሐኪሙ አደን ኢስማኢል ነው። በ1954 ለትምህርት ወደ እንግሊዝ ተላኩ፤ ነርስነትና አዋላጅነት ተምረው በ1961 ተመለሱ። መሐመድ ኢብራሂም ኢጋልን ያገቡት በ1963 ነው። ኢጋል በ1967 የሶማሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ አዋላጇ ቀዳማዊት እመቤት ሆኑ። ባልየው ከአዲስ አበባና ከናይሮቢ ጋር የነበረውን ጠብ ለማብረድ የሞከሩ ሰው ናቸው፤ በዚህም ከአገራቸው ሰው ብዙ ወቀሳ አተረፉ።

በጥቅምት 1969 ጄኔራል ዚያድ ባሬ በሶማሊያ ሥልጣን ያዘ። ኢጋል ታሰሩ፤ ሚስቲቱም በቤት ውስጥ እስር ተቀመጡ። እስካሁን ተረቱ አንገቱን ቀና አድርጓል፦ ወንበሩ የመጣው በጋብቻ፣ እስሩም የመጣው በጋብቻ። በወንድ ከፍ፣ በወንድ ዝቅ።

ኋላ ተፋቱ። የወይዘሮ ኤድና ሥራ የሰፋው ከዚያ በኋላ መሆኑ ይገርመኛል። በጤና ሚኒስቴር ዳይሬክተር ሆኑ፤ በዓለም ጤና ድርጅት አገለገሉ፤ እስከ 1997 በጅቡቲ የድርጅቱ ተወካይ ነበሩ። በዚያው መሐል፣ በ1988፣ የዚያድ ባሬ አውሮፕላኖች ሐርጌሳን ደብድበው ሕዝቡ ወደኛ ፈልሶ ነበር። ከጅግጅጋ ደቡብ ምሥራቅ ያለው የሐርተ ሼክ መጠለያ በዓለም ትልቁ እስከመባል የደረሰው ያኔ ነው። ስደተኛው በዘጠናዎቹ ሲመለስ ያገኘው ፍርስራሽ ነው፤ ሐኪምና አዋላጅ ያለቁባት ከተማ፣ እናቶች በወሊድ የሚሞቱባት።

ወይዘሮ ኤድና የማዋለጃ ሆስፒታል እሠራለሁ ብለው ተነሡ። መሬቱን መንግሥት ሰጣቸው። ሐርጌሳን ዋና ከተማዋ አድርጋ ከሶማሊያ የተነጠለችው ሶማሊላንድ ፕሬዚዳንቷ በዚያን ጊዜ ማን ነበር? የቀድሞ ባላቸው፣ ኢጋል። ተረት ወዳዱ እዚህ ጋ ጨብጦኝ «ያውልህ! በወንድ አለቀ» ሊለኝ ይችላል። ግን የተሰጣቸው ቦታ የከተማው ቆሻሻ ይጣልበት የነበረ ነው። መሬት መስጠት ደግሞ ማስጀመር ነው እንጂ መጨረስ አይደለም። ጡረታቸውንና ያጠራቀሙትን አፈሰሱበት፤ መርሴዲሳቸውንና ጌጣቸውን ሸጡ፤ ከውጭ አገር ወዳጆች ለመኑ። ሆስፒታሉ በመጋቢት 2002 ተከፈተ። ኢጋል ፕሪቶሪያ ውስጥ ያረፉት ከሁለት ወር በኋላ ነው። ወይዘሮዋም ከ2003 እስከ 2006 በጊዜው አንድም መንግሥት ዕውቅና ላልሰጣት ሶማሊላንድ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። በ2023 የቴምፕልተን ሽልማትን ሲቀበሉ የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ነበሩ። «የኢጋል ሚስት» የሚለው ስም ዛሬ እንደ ግርጌ ማስታወሻ ነው።

እዚህ ላይ ብቆም ተረቱ ተሸነፈ ብዬ መሄድ እችል ነበር። ግን በወይዘሮዋ ሕይወት ውስጥ ተረቱን ገልብጦ የሚያሳይ አንድ ቀን አለ፤ እኔን ከሆስፒታሉም ይልቅ የሚያሳስበኝ ያ ቀን ነው። ስምንት ዓመት ገደማ ሳሉ ተገረዙ። አስገራዦቹ እናታቸውና አያታቸው ናቸው። ያስገረዙዋቸውም አባታቸው ከቤት በወጡበት ቀን ነው። ሐኪሙ አባት የግርዛትን ጉዳት ከማንም በላይ ያውቁ ነበር፤ ሲመለሱ ተቆጡ፣ አዘኑ። ነገሩ ግን አልቆ ቆያቸው። ወንድ ቢያውቅ በሴት አለቀ!

ልጅቱ ያንን ቀን አልረሱም። በ1976 ሞቃዲሾ ላይ ስለ ግርዛት በአደባባይ ተናገሩ፤ በዚያ ዘመን ይህ ለሶማሌ ሴት ያልተደፈረ ነገር ነበር። ዛሬም ሆስፒታሉ አዋላጆችን የሚያሠለጥነው በምክንያት ነው፤ ምጥ የያዛት ሴት ዘንድ የሚገባ ሚኒስትር የለም፣ የምትገባው አዋላጅ ናት። ግርዛት ምን እንደሚያደርስም በዓይኗ የምታየው እሷ ናት።

ወደኛ ስንመጣ፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 565 እና 566 ግርዛትን ወንጀል አድርጓል። በአውሮፓ 2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ግን ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ የሶማሌ ክልል ሴቶች ከመቶ 99ኙ የተገረዙ መሆናቸውን ጽፏል፤ በአገር ደረጃ ቁጥሩ 65 ነው። ማኅተሙ ሕጉ ላይ አርፏል፤ ምላጩ ግን ያለው አያቶች እጅ ነው። በአውበሬ ወረዳ ሸደርን ብትወስዱ፣ ነዋሪው አለ፣ ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ ከሞቃዲሾና ከደቡብ የሸሹ ሶማሌዎች የሰፈሩበት መጠለያ አለ። ሁለቱም ዘንድ በዚህ ጉዳይ ቤቱን የምትመራው አሮጊቷ ናት። እሷን ሳይዝ የሚሄድ ዘመቻ ያ ረዳት በሚኒባሱ እንደሆነው ይሆናል፤ ሂሳቡን አታምንለትም።

ስለዚህ በእኔ ፍርድ ተረቱ የሳተው ሴትን በማሳነሱ ብቻ አይደለም፤ ነገር በማን እጅ እንደሚያልቅ አስቀድሞ የሚያውቅ በመምሰሉም ነው። አንዳንዱ በኢጋል ፊርማ ይጀመርና በኤድና ጌጥ ያልቃል። አንዳንዱ በአባት ዕውቀት ይጀመርና በአያት ጓዳ ያልቃል።

ይህን የምታነቡ የሴት ልጅ አባቶች፦ ለንግድ ወደ ወጫሌ ወይም ወደ ድሬዳዋ ከመውጣታችሁ በፊት ከልጅቱ አያት ጋር አንድ ስኒ ሻሂ ጠጡና፣ ልጄ እንዳትገረዝ ብላችሁ በግልጽ ንገሯት።