ጉልበቱ የማይቃና ደቀ መዝሙር

የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1661 ዓ.ም. በፓሪስ የዳንስ አካዳሚ ካቆመ ወዲህ፥ ባሌት የሚባለው ጥበብ በጽኑ ሥርዓት ይመራል። በሥርዓቱም ደቀ መዝሙሩ ጉልበቱን ፈጽሞ ያቃና ዘንድ ይታዘዛል፤ ጉልበቱን ለስግደት ማጠፍ ለለመደ ሰው ይህ እንግዳ ነገር ነው።

ነገር ግን የአንዱ ጉልበት በስንፍና፥ የሌላው ከጭኑ በስተኋላ ያለው ጅማት ስላጠረ፥ የሦስተኛውም አጥንቱ እንዲያ ሆኖ ስለ ተፈጠረ ሳይቃና ይቀራል፤ ለዓይን ግን ሦስቱም አንድ ናቸው። መምህሩ ሁሉን ሰነፍ ብሎ ቢገሥጽ ፍትሕ ነውን? ሦስተኛው ተግሣጹን ፈርቶ ጉልበቱን በኃይል ወደ ኋላ ሲገፋ መገጣጠሚያውን ይጎዳል፤ መታዘዙ ቅጣት ሆነበት። ስለዚህ መምህሩ አስቀድሞ በጀርባው አስተኝቶ በእጁ ይመርምረው፤ ያን ጊዜም ያልተቃና እንደ ሆነ፥ በጓደኞቹ ፊት የተናገረውን ቃል በጓደኞቹ ፊት ያንሣለት።