ተፈጥሮና የሐኪም እጅ

ቋንቋችን ስለ ወሊድ የሚናገርባቸው ቃላት ክብርንም ፍርሃትንም አብረው የያዙ ናቸው። እርጉዟን «ነፍሰ ጡር» ስንላት ከራሷ ነፍስ በላይ ሌላ ነፍስ የተሸከመች መሆኗን እንመሰክራለን፤ በወለደች ጊዜ «ተገላገለች» እንላለን፤ ክርስቲያኑም አራሷን ሊጠይቅ ሲገባ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላታል። ምሕረት የሚነገረው ከሞት አፋፍ ለተመለሰ ሰው ነው። እንግዲህ የቀደሙት ሰዎች ወሊድን የተፈጥሮ ሥራ ነው ብለው ቢቀበሉትም፣ ተፈጥሮ ሁልጊዜ ርኅራኄ እንደሌላት ያውቁ ነበር ማለት ነው።

በዘመናችን ይህ ነገር ክርክር አስነሥቷል። አንዱ ወገን፣ ሴት ያለ መድኃኒትና ያለ ቢላዋ በተፈጥሮዋ ትውለድ ይላል፤ ሌላው ወገን፣ ሐኪም ባለበትና መሣሪያ በተዘጋጀበት ቦታ ትውለድ ይላል። ክርክሩ በታላላቅ ከተሞች የምቾት ጉዳይ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ከአዋሽ ሰባት ኪሎ እስከ ሰመራ ባለው በአፋር ምድር ግን የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ሐሳቦች በየተራ ከመዘንን በኋላ በዚያ አገር ሁኔታ ልንፈትናቸው ይገባል።

የመጀመሪያው ሐሳብ በንቀት የሚታለፍ አይደለም። ኢግናዝ ሴመልቫይስ የተባለው ሐኪም በቪየና ሆስፒታል ሲሠራ፣ ሐኪሞችና ተማሪዎቻቸው በሚያዋልዱበት ክፍል የሚሞቱት አራሶች፣ አዋላጆች በሚያዋልዱበት ክፍል ከሚሞቱት እጅግ እንደሚበዙ ተመለከተ። ምክንያቱንም ሲመረምር ሐኪሞቹ ሬሳ በመረመሩበት እጃቸው ወደ ወላዷ ይሄዱ እንደ ነበር ተረዳ፤ እ.ኤ.አ. በ1847 በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ ባደረገ ጊዜ ሞቱ ቀነሰ። ለማዳን የተዘረጋ እጅ ሁሉ እንደማያድን ይህ በቂ ምስክር ነው። በቅርቡም ዘመን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985፣ በየትኛውም አገር ከ100 ወሊዶች ከ10 እስከ 15 ከሚሆኑት በላይ በቀዶ ሕክምና እንዲፈጸሙ የሚያስገድድ ምክንያት እንደሌለ ገልጧል። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የአገራችን የሕዝብና የጤና ጥናት ግን፣ በመላው አገር ከ100 ወሊዶች በቀዶ ሕክምና የተፈጸሙት 2 ያህል ብቻ ሲሆኑ፣ በአዲስ አበባ 21 ያህል ነበሩ። በአንድ አገር ውስጥ ቢላዋው በአንድ ወገን ሲበዛ በሌላው ወገን ይታጣል።

የሁለተኛው ወገን ምክንያት ደግሞ ከዚህ የጠነከረ ነው። ከ100 እርጉዞች 15 ያህሉ ብርቱ ችግር ሊያገኛቸው እንደሚችል ባለሙያዎች ይገምታሉ፤ የቀሩት በደኅና ይወልዳሉ። ጭንቁ ከ15ቱ አንዷ ማን እንደምትሆን አስቀድሞ በእርግጥ ለማወቅ አለመቻሉ ነው። ጤነኛዋ ወጣት በደኅና ከተገላገለች በኋላ ማሕፀኗ ባለመኰማተሩ ደም ሊፈስሳትና በጥቂት ሰዓት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። ምጥ ለቀናት የጸናባት ደግሞ ሕይወቷ ቢተርፍ እንኳ በፊስቱላ ሕመም ሽንቷን መቋጠር ተስኗት ከሰው ተለይታ እስከ መኖር ትደርሳለች። በ1951 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ፣ ኋላ በአዲስ አበባ የፊስቱላ ሆስፒታል ያቋቋሙት የእንደነዚህ ያሉትን ሴቶች መከራ አይተው ነው። በ1992 ዓ.ም. ጥናት፣ ለ100,000 በሕይወት ለተወለዱ ሕፃናት 871 እናቶች ይሞቱ እንደ ነበር ተገምቶ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ጥናት ቁጥሩ ወደ 412 ወርዷል። መውረዱ ደስ ያሰኛል፤ የቀረው ቁጥር ግን ያሳፍራል።

አሁን ወደ አዋሽ ሸለቆ እንመለስ። አዋሽ ሰባት ኪሎ በባቡር ጣቢያ ዙሪያ ያደገች ከተማ ናት፤ ሰመራ ደግሞ በአሳይታ ፈንታ የአፋር ክልል ርእሰ ከተማ ትሆን ዘንድ በአውራ ጐዳናው ዳር የተሠራች ናት። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ከ300 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ለሰመራ ቅርብ በሆነችው በዱብቲ ሆስፒታል አለ፤ በሚሌም ባርባራ ሜይ የተባለው የእናቶች ሆስፒታል ይገኛል። ነገር ግን አርብቶ አደሩ የሚሰፍረው ግመሉና ፍየሉ ግጦሽና ውሃ ባገኙበት ስለ ሆነ፣ ጐዳናው ራሱ ለብዙዎች ሩቅ ነው። በ2008 ዓ.ም. ጥናት በክልሉ ከ100 ወሊዶች በጤና ተቋም የተፈጸሙት 15 ብቻ ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. ወደ 28 ከፍ ብለዋል። ታዲያ በዚያ በረሃ በቤቷ የወለደችውን ሴት «ተፈጥሮን መረጠች» ልንል እንችላለን? ምርጫ ማለት ሁለት መንገድ ተከፍቶ ሳለ አንዱን መያዝ ነው። አንዱ መንገድ በርቀት የተዘጋባት ሴት ርቀቱ መረጠላት እንጂ እርሷ አልመረጠችም።

ደግሞም «ተፈጥሮ» የምንለውን ቃል መመርመር ያስፈልጋል። በ2008 ዓ.ም. በአፋር ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑት ሴቶች ከ100 91 ያህሉ የተገረዙ ነበሩ፤ የአገሩም ልማድ ብዙ ጊዜ መስፋትን ይጨምር ነበር። በተቈረጠና በተሰፋ ገላ የሚሆነውን ወሊድ የተፈጥሮ ወሊድ ብሎ መጥራት ልማድን ተፈጥሮ ማለት ነው። የሰው እጅ ሴቲቱ ገና ሕፃን ሳለች ገብቶበታልና። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ይህን ድርጊት በአንቀጽ 565ና 566 ከልክሏል። ለመጕዳት የሰው እጅ ከገባ፣ ጕዳቱን ለመጠገን የሰው እጅ ይግባ ማለት ተፈጥሮን መድፈር አይደለም።

ይሁን እንጂ በቤቷ የምትወልደውን ሴት አላዋቂ ብለን ብንነቅፋት እንበድላታለን። በቤቷ እናቷና እኅቶቿ አብረዋት አሉ፤ ወገቧን የሚያሽላት እጅ፣ የምትሰማው ቋንቋ፣ ገመናዋን የሚሸፍን ሰው አለ። በጤና ተቋም ግን ዘመዶቿ ከደጅ ቀርተው፣ ቋንቋዋን የማያውቅ እንግዳ ሰው በጀርባዋ እንድትተኛ ቢያዝዛት፣ ዳግመኛ አልመጣም ማለቷ ምክንያት ያለው ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ፣ ወላዷ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን፣ ተነሥታ እንድትንቀሳቀስና የሚመቻትን አኳኋን እንድትይዝ፣ ያለ በቂ ምክንያትም ገላዋ እንዳይቀደድ መክሯል። እንዲህ ከሆነ ዕውቀቱ ራሱ የቤቱን ደግነት ተቀብሎታል።

ሶቅራጥስ የአዋላጅ ልጅ ነበር፤ ሰዎችን እየጠየቀ ሐሳባቸውን የሚያወጣበትን ጥበቡንም ከእናቱ ከፌናሬጤ ሙያ ጋራ ያመሳስለው ነበር። የአዋላጅ ጥበብ በወላዷ ፈንታ መውለድ ሳይሆን፣ ስትወልድ መጠበቅና በሚያስፈልግበት ጊዜ መርዳት ነው። በእኔም ሐሳብ እውነተኛው ሚዛን ይህ ነው፤ ተፈጥሮ መንገደኛ፣ ሕክምና ደግሞ ዘበኛ ይሁኑ። ዘበኛው ያለ ምክንያት መንገደኛውን ቢያስቸግር ጥፋት ነው፤ ሽፍታ በመጣ ጊዜ ባይገኝ ግን ከዚያ የባሰ ጥፋት ነው።

ስለዚህ ወሊድን አስቀድሞ ማሰናዳት የግብረ ገብ ግዴታ ነው፤ ምጥ ከጸና በኋላ መኪና መፈለግ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው ነውና። በጉራጌ አገር በአጣጥ ሆስፒታል ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው ሲቃረብ መጥተው የሚቈዩበት ማረፊያ አለ። እንዲህ ያለው ማቆያ ለአፋር ሴት የሚያገለግላት የለመደችውን ምግብ፣ የእናቷን ጓደኝነትና ቋንቋዋን የምታውቅ አዋላጅ ያገኘችበት እንደ ሆነ ነው። አፋሮች በመንገድ የተገናኙ ሰዎች የሰሙትንና ያዩትን ሁሉ የሚነጋገሩበት ዳጉ የተባለ ጥንታዊ ሥርዓት አላቸው። ዝናብ የዘነበበትን ስፍራ በረሃ ለበረሃ የሚያደርስ ሕዝብ፣ በየትኛው ሰፈር ቀኗ የደረሰ ሴት እንዳለች ለጤና ሠራተኛው ለማድረስ አያቅተውም፤ የሚያስፈልገው ወሬውን ተቀብሎ የሚነሣ ሰው ነው።

ያ ሰው በቢሮ፣ በትምህርት ቤትና በጤና ጣቢያ የምንሠራው እኛ ነን። ወላዷ የት፣ እንዴትና ከማን ጋራ እንደምትወልድ ልንወስንላት አልተሾምንም፤ ርቀት፣ ልማድና የእኛ ቸልተኝነት እንዳይወስኑላት መጠበቅ ግን ሥራችን ነው። ሁለቱም መንገዶች የተከፈቱላት ቀን ቤቷን ብትመርጥ ምርጫዋን እናክብርላት፤ እስከዚያው ግን ስለ ምርጫዋ የምንናገር ሰዎች አስቀድመን መንገዱን እንጥረግላት።