ጎተራና ተወኩል



በሐይቅም ሆነ በአምባሰል ሰው ሲሞት ምን እንደሚደረግ የማያውቅ የለም። ቅሬው ይጠራል፤ ቀብር ቆፋሪው፣ ውሃ ቀጂው፣ ምግብ አቅራቢው ሁሉም ተራውን ያውቃል። የቀረ ይቀጣል። ለሞት ይህን ያህል የተሰናዳን ሰዎች፣ ሰው በረሃብ እንዳይሞት መሰናዳቱን ስለምን እንዘነጋዋለን?

ይህን ጥያቄ በአንድ የቅሬ ስብሰባ ላይ ባነሣሁ ጊዜ አንድ የማከብራቸው አባት «ኡስታዝ፣ ጌታዬ የጻፈው ላይቀር ጎተራ ምን ሊፈይድ?» አሉኝ። እሳቸው ሰባ ሰባትን በዓይናቸው ያዩ ናቸው፤ እኔ ከወላጆቼ አፍ የሰማሁ ነኝ። ስለዚህ በችኮላ መመለሱን ፈራሁት።

ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ሰርግ ከተባለው ቦታ ተመለሱ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ይህ ከአላህ ቀደር መሸሽ እንዳይሆን ቢጠይቋቸው፣ የሸሹትም የሚሄዱበትም የአላህ ቀደር መሆኑን አስረዷቸው። ነቢዩ ዩሱፍም (ዐ.ሰ) ሰባት የችግር ዓመታት እንደሚመጡ አላህ ባሳወቃቸው ጊዜ፣ በጥጋቡ ዘመን የታጨደው እህል ከነዛላው እንዲቀመጥ መከሩ። ሙፈሲሮች ይህ ከነቀዝ ለመጠበቅ መሆኑን ያብራራሉ። ልብ በሉ፤ ነቢይ ስለ ነቀዝ ሲያስብ ተወኩሉ አልጎደለም።

የእኛ አገር ታሪክ ደግሞ ሌላ ነገር ያሳየናል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም የወሎ ገበሬ ከደሴ ወደ ሰሜን በሚወስደው መንገድ ዳር ተኮልኩሎ ዳቦ ሲለምን፣ ረሃቡ እንዲሸፋፈን ተደረገ። በ1966 ዓ.ም የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ተቋቋመ። ይኸው ኮሚሽን በመጋቢት 1976 ዓ.ም በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ አደጋ ላይ መውደቁን ለለጋሾች አስታወቀ። ለጋሾቹ ተጠራጠሩ። መንግሥትም በመስከረም 1977 ዓ.ም የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ አከበረ። ዓለም የነቃው በጥቅምት የኮረም ምስል በቴሌቪዥን ሲታይ ነው። እስከዚያ ድረስ ያለቀው አልቋል። ማስጠንቀቂያ አልጠፋም ነበር፤ ሰሚ ነው የጠፋው። ታዲያ ይህን ሁሉ «ቀደር ነው» ብለን ብቻ ብናልፈው፣ አማናውን የበላውን ሰው ጥፋት በአላህ ላይ መለጠፍ አይሆንብንምን? ዑመር (ረ.ዐ) በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ በመዲና ረሃብ በገባ ጊዜ፣ ሕዝቡ እስኪጠግብ ድረስ ቅቤና ሥጋ አልቀምስም ብለው ነበር። የተራበ ሆድ ያለው መሪ ማስጠንቀቂያ አይደገምለትም።

በ1986 ዓ.ም አገሪቱ የአደጋ መከላከልና ዝግጁነት ፖሊሲ አወጣች፤ በ1997 ዓ.ም ደግሞ ሴፍቲኔት ተጀመረ። በ2008 ዓ.ም ድርቅ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ቢፈልግም፣ የሰባ ሰባቱ ዓይነት እልቂት አልደረሰም። እርግጥ በሰባ ሰባት ጦርነትም ነበረበት፤ ሁሉንም ለዝግጅት ብቻ መስጠት ልክ አይሆንም። ጦርነት ምን እንደሚያደርግ በ2014 ዓ.ም ሐይቅና ውጫሌ ድረስ በመጣ ጊዜ አይተነዋል። መንገድ ሲዘጋ የመንግሥት መጋዘን ሩቅ ነው፤ የጎረቤት ጎተራ ግን ቅርብ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለቤተሰባቸው የዓመት ቀለብ ያስቀምጡ እንደነበር ተዘግቧል፤ ዋጋ እስኪንር እህል መደበቅን ግን አውግዘዋል። አንዱ ኩንታል በአንዱ ቤት ሱና፣ በሌላው ቤት ወንጀል ሊሆን ነው። የአሽዓሪዮችን ነገርም እናስታውስ፤ ስንቅ ሲያልቅባቸው ያላቸውን ሁሉ በአንድ ጨርቅ ላይ ሰብስበው በአንድ ስፍሪያ እኩል ይካፈሉ ነበር። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ስለዚህ አመስግነዋቸዋል። ብዙ የነበረውና ጥቂት የነበረው በክፍያው ጊዜ አልተለየም።

እኔም በዚያ ስብሰባ ያልኩት ይህንኑ ነው፤ ከመኸር በኋላ እያንዳንዱ ቤት አንድ አንድ ቁና ማሽላ ለቅሬው ያስገባ፤ በልግ ሲቀርና ዋጋ ሲወደድ ይከፋፈል። አንዱ ጎልማሳ «ያላዋጣውስ ይሰጠዋል?» ብሎ ጠየቀ። ከባድ ጥያቄ ነው። ሰነፉን ከዓቅመ ቢሱ መለየት ያስፈልጋል፤ ነገር ግን የሰነፉ ልጆች ምን አጠፉ? ቅሬያችን መዋጮ ያልከፈለን ሰው በኋላ ይቀጣው ይሆናል እንጂ ሬሳውን ደጅ አይጥልም። የሬሳውን ያህል ክብር በሕይወት ላለውም ይገባል ብዬ መለስኩ።

እኒያ አባት ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆዩና «መልካም፤ የጎተራውን ቁልፍ ማን ይያዝ?» አሉ። እስከ ዐስር ሶላት የተከራከርነው በዚህ ላይ ነው፤ በመጨረሻ ቁልፉ ሦስት ሆኖ ለሦስት ሰው፣ አንደኛው ለሴቶች ተወካይ፣ እንዲሰጥ ተስማማን።

ወላሁ አዕለም።