የ1100 አናት ላይ የነበረችው መብራት

ኖኪያ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው 1100 ስልክ ካሜራ የለውም፤ ስክሪኑም ባለ አንድ ቀለም ነው። እንዲያም ሆኖ በዓለም ላይ ከ250 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2005 ቢሊዮንኛ ስልኩን ናይጄሪያ ውስጥ ሲሸጥ ያ ስልክ 1100 ነበር። ስልኩን የያዙ ሰዎች ግን ስሙ ሲነሳ የሚያስታውሱት ሽያጩን ሳይሆን አናቱ ላይ የተሰካችውን መብራት ነው። በእርግጥ ስልኩን ያሸጠችው እሷ ብቻ ናት ማለት አይቻልም። ከ1100 ሁለት ዓመት ዘግይቶ የወጣው 1110 መብራት ሳይኖረው ከእሱ ብዙም ያላነሰ ተሸጧል። ርካሽነትና ጥንካሬም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። ቢሆንም ዛሬ ከቁልፉ ጋር የሚያንጠለጥላት ትንሽ ባትሪ ለመግዛት ሱቅ የሚገባ ሰው ከዚያች መብራት የሚማረው ብዙ ነገር አለ።

ገዢው መጀመሪያ የሚጠይቀው የብርሃኑን መጠን፣ «ስንት ሉመን ነው?» ብሎ ነው። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ትልቁን ቁጥር ያስቀድማል። ዛሬ ከአውራ ጣት የማትበልጥ ባትሪ 400 እና 500 ሉመን ተጽፎባት ትገኛለች። የ1100 መብራት ከእነዚህ አጠገብ ብትቀመጥ ጭላንጭል ናት። በዚያች ጭላንጭል ግን ሰው መብራት በጠፋበት ሌሊት የኮንዶሚኒየም ደረጃ ወርዷል፣ የቁልፍ ቀዳዳ ፈልጎ አግኝቷል፣ ግቢ ጥግ ያለው መጸዳጃ ቤት ደርሶ ተመልሷል፣ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የተጻፈውን አንብቧል።

ምክንያቱ ዓይናችን ነው። ጨለማ ውስጥ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ የቆየ ዓይን በጣም ደካማ በሆነ ብርሃን እንኳ መንገድ ይለያል። ይህን የጨለማ ልምድ የሚያጠፋበት ድንገተኛ ኃይለኛ ብርሃን ነው። ሌሊት ከእንቅልፉ ተነስቶ ነጭ ግድግዳ ላይ 400 ሉመን የለቀቀ ሰው ለጊዜው የሚያየው ግድግዳውን ብቻ ነው፤ ባትሪውን ሲያጠፋ ደግሞ ከበፊቱ የባሰ ጨለማ ይገጥመዋል። በዚያ ላይ ቁጥሩ የሚመስለውን ያህል አያስኬድም። የጨረሩ ቅርጽ ካልተለወጠ በስተቀር ብርሃን የሚደርስበትን ርቀት እጥፍ ለማድረግ ብርሃኑን አራት እጥፍ ማሳደግ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከ100 ወደ 400 ሉመን የተሻገረ ሰው ያተረፈው የርቀቱን እጥፍ ብቻ ነው። ጅብ ከሩቅ ለመለየት የሚፈልግ ትልቅ ባትሪ ይግዛ። ቁልፍ ላይ የሚንጠለጠል ባትሪ ሥራው እግር ሥርና እጅ ላይ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ከ5 እስከ 20 ሉመን ይበቃል። እኔ ሳጥኑ ላይ ቀድሜ የማነበው ዝቅተኛው ደረጃ ስንት ሉመን እንደሆነና ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ነው።

ከብርሃኑ ይልቅ የ1100 መብራት ትልቁ ጥቅም ያለችበት ቦታ ነበር። የቤቱ ትልቅ ባትሪ ምስማር ላይ ወይም አልጋ ሥር ይቀመጣል፤ መብራት ሲጠፋ እሱን ለመፈለግ ሌላ መብራት ያስፈልጋል። ስልክ ግን ኪስ ውስጥ ነው። ቁልፍም እንደዚያው፤ ሰው ስልኩን ቤት ረስቶ ሊወጣ ይችላል፣ ቁልፉን ረስቶ ግን ደጁ ላይ ይቆማል። የቁልፍ ባትሪ ሐሳብ ሙሉ በሙሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህም ክብደትና ውፍረት ከጌጥ የሚቆጠሩ ነገሮች አይደሉም። ሱሪ ኪስ ውስጥ የምትቆረቁር ባትሪ ከቁልፉ ተፈትታ መሳቢያ ውስጥ ትገባለች፤ እዚያ ደግሞ 500 ሉመንዋ ለማንም አይጠቅምም።

አሁን ሁሉም ስማርት ስልክ መብራት አለው፣ ታዲያ ሌላ ባትሪ ለምን? የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ብዙ ሰው በእርግጥም ሌላ አያስፈልገውም። ግን መብራት ከጠፋ ሁለተኛ ቀኑን በያዘ ሰፈር የስልክ ቻርጅ ለመደወል የሚቆጠብ ነገር ነው። ማታ ጨለማ መንገድ ላይ ውድ ስልክ ከፍ አድርጎ መሄድም ለሌባ ምልክት መስጠት ነው። ክዳኑ የተሰረቀ የፍሳሽ ጉድጓድ ዳር ቆሞ በዝናብ በራሰ ጣት ስክሪን መነካካት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

የጣት ነገር ከተነሳ፣ 1100 ላይ «ሲ» የተጻፈበትን ቁልፍ ተጭኖ መያዝ ብቻ በቂ ነበር። ሜኑ የለም፤ ማየትም አያስፈልግም፤ አውራ ጣት በዳሰሳ ያገኘዋል። ዛሬ ያሉት የቁልፍ ባትሪዎች ብዙዎቹ ይህን አበላሽተውታል። አንድ ጊዜ ሲጫኑት መካከለኛ፣ ሁለት ጊዜ ከፍተኛ፣ ሦስት ጊዜ ዓይን የሚያሳውር ብልጭ ድርግም፣ ተጭነው ሲይዙት ደግሞ ቀይ። ይህን ሁሉ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚጠቀምበት ሰው እንዴት ያስታውሰው? ስትበራ ከዝቅተኛው የምትጀምር፣ ከሁለት ወይም ከሦስት ደረጃ ያልበለጠች ትበልጣለች። ጭንቅላቷን በማዞር የምትበራም አለች፤ ኪስ ውስጥ በቀላሉ አትበራም፣ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት እጅ ትፈልጋለች። አንድ እጁ ዘወትር ዕቃ የሚይዝ ሰው ቁልፍ በመጫን የምትበራውን ይምረጥ፤ ያኔ ግን ቁልፏ ጠልቆ የተቀመጠ ወይም መቆለፊያ ያላት መሆን አለባት። ያለዚያ ኪስ ውስጥ ከሳንቲምና ከቁልፍ ጋር ስትጋፋ በራሷ ትበራለች። ደካማዋ ድንጋይ ጨርሳ ትጠብቃለች፤ ኃይለኛዋ ደግሞ ጨርቅ እስከ መለብለብ ልትግል ትችላለች። ሱቅ ውስጥ ከቁልፍ ጋር ኪስ ከትቶ ቁጭ ብድግ ብሎ መፈተሽ አያሳፍርም።

1100 ከመምጣቱ በፊት የቁልፍ ባትሪ አልነበረም ማለት አይደለም። የአሜሪካው ማግላይት እ.ኤ.አ. በ1988 ሶሊቴር የተባለችውን አውጥቶ ነበር፤ በአንዲት ትሪፕል ኤ፣ ማለትም የሪሞት ድንጋይ የምንላት ቀጭኗ፣ የምትሠራ። ውስጧ ግን ክር ያለው አምፖል ስለነበር ብርሃኗ ሁለት ሉመን አካባቢ ነው፤ የድንጋዩ ጉልበት አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ይባክናል፣ ክሩም ሲወድቅ ይበጠሳል። ነገሩን የለወጠው ጃፓን ነው። ኒቺያ በተባለው ኩባንያ ይሠራ የነበረው ሹጂ ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ1993 ደማቁን ሰማያዊ ኤል.ኢ.ዲ. ሠራ፤ ኩባንያው በ1996 በዚያ ላይ ቢጫ ፎስፈር ቀብቶ ነጭ ብርሃን አወጣ። ናካሙራ ከኢሳሙ አካሳኪና ከሂሮሺ አማኖ ጋር በ2014 የፊዚክስ ኖቤል የተሸለመው በሰማያዊው ነው። ኤል.ኢ.ዲ. የሚበጠስ ክር የለውም፣ የሚወስደውም ኃይል ትንሽ ነው። ይህ ባይሆን ኖሮ ስልክ አናት ላይ መብራት መሰካት የማይታሰብ ነበር።

ኃይሉ ከየት ይምጣ የሚለው ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል። የ1100 መብራት ከስልኩ ባትሪ ትጠጣ ነበር፤ ሰው ደግሞ ለመደወል ሲል ስልኩን ቻርጅ ማድረጉ አይቀርም። መብራቷን ያስታወሳት ባይኖርም ሁልጊዜ ጠግባ ትገኝ ነበር። በዩ.ኤስ.ቢ. የምትሞላ የቁልፍ ባትሪ ይህ ዕድል የላትም። ስድስት ወር ሳትበራ ትቆያለች፣ ቀስ በቀስ ትፈስሳለች፣ በምትፈለግበት ሌሊት ባዶ ትሆናለች። ውስጧ የታሸገው ሊቲየም ባዶውን ሲከርም ደግሞ ይጎዳል፤ አብዛኛውን ጊዜም አይቀየርም። በየወሩ በአንድ የታወቀ ቀን የሚሞላት ሰው ካለ በብርሃንም በመጠንም የተሻለች ናት። ይህን ልማድ ለማያደርግ ሰው ግን የሪሞት ድንጋይ የምትጎርሰውን እመርጣለሁ፤ ድንጋይዋ ጉሊት አጠገብ ያለ ኪዮስክ ውስጥም አትጠፋም።

እሷም እንከን አላት። ርካሽ ድንጋይ ውስጥ ውስጡን ይፈስሳል፤ አልካላይን የሚባለው የሚያወጣው ነጭ ዱቄት የባትሪዋን የውስጥ ብረቶች በልቶ ይጨርሳል። ስለዚህ ባትበራም በዓመት አንዴ ድንጋዩን ማየትና መቀየር ነው። በውስጡ ሊቲየም ያለው፣ ቻርጅ የማይደረገው የሪሞት ድንጋይ በቀላሉ አይፈስም፤ እስከ 20 ዓመት ተቀምጦም ይሠራል ተብሎ ይሸጣል። እዚህ በየሱቁ አይገኝም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ ከሽቶና ከቸኮሌት በፊት ይህን ማስላክ ይሻላል ባይ ነኝ።

ሳጥኑ ላይ ስላሉት ቁጥሮች አንድ ነገር ይጨመር። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ኤፍ.ኤል.1 የተባለው የአሜሪካ መለኪያ ብርሃኑን የሚለካው ባትሪው ከበራ ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ነው፤ ዕድሜውን የሚቆጥረው ደግሞ ብርሃኑ ወደ አንድ አሥረኛው እስኪወርድ ድረስ ነው። «400 ሉመን፣ 1 ሰዓት ተኩል» የሚል ጽሑፍ ታዲያ ውሸት ሳይሆን ሊያሳስት ይችላል፤ ትንሿ አካል ሙቀቱን ስለማትችል 400ው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይወርዳል፣ የቀረው ሰዓት በደብዛዛው ይሞላል። መለኪያውን የማይጠቅሱት ስም የለሾቹ ደግሞ የፈለጉትን ይጽፋሉ። ለክረምት፣ አይ.ፒ.ኤክስ.4 የሚለው ፍንጣቂ ትችላለች ማለት ነው፤ አይ.ፒ.ኤክስ.7 ደግሞ አንድ ሜትር ውኃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት።

በክብ የሰዓት ድንጋይ የሚሠሩት፣ በአምስት ዓይነት ቀለም ጨርቅ ላይ ተደርድረው የሚሸጡት ቀጫጭኖች፣ ቀላልና ርካሽ ስለሆኑ ለልጅ መጫወቻ ይሰጣሉ። ይህ አደገኛ ነው። ያ ድንጋይ ተውጦ ጉሮሮ ውስጥ ከቀረ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሥጋ ሊያቃጥል ይችላል። ልጅ ባለበት ቤት የድንጋዩ ክዳን በብሎን ያልታሰረውን አለመግዛት፤ ልጅ ውጧል ተብሎ ከተጠረጠረም ለማስታወክ ሳይሞክሩ፣ ሕመም እስኪጀምረውም ሳይጠብቁ ወዲያው ሆስፒታል ማድረስ ያስፈልጋል።