የናሱ እባብና የአባት አውቶሞቢል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ነገሩ ለሚሰማው ታናሽ ቢመስልም ከነፍስ ጋር የተያያዘ ሆኖ ስላገኘሁት ልጽፍበት ወደድሁ። በኑዛዜ ሳይሆን በግልጽ የተነገረኝ ነው፤ እንድጽፈውም ባለ ጉዳዮቹ ፈቅደውልኛል።

አንዲት የንስሐ ልጄ ባለቤቷ ከሞተ 3 ዓመት ሆኖት ነበር። ትቶላቸው የሄደው አውቶሞቢል በተለምዶ ቮልስ የሚባለው ነው። የበኵር ልጁ በኤሌክትሪክ ኃይል የሚሄድ ሌላ ገዛ፤ አሮጌው ግን ሸራ ለብሶ በግቢው ውስጥ ቆመ። እናቲቱ «አባ፥ ይሽጠው ይበሉልኝ» አለችኝ፤ ልጁ ደግሞ «አባቴን አልሸጥም» አለ።

ይህን ቃል አላቃለልሁትም። በዚያ አውቶሞቢል ወንዱ ሕፃን በ40 ቀን፥ ሴቲቱም በ80 ቀን ለክርስትና ተወስደዋል፤ ለታኅሣሥ 19 በዓል ወደ ቍልቢ ተጕዘውበታል፤ አባትም በታመመ ጊዜ ወደ ጠበል የሄደው በዚሁ ነው። ሰው ሥጋ የለበሰ ፍጥረት ነውና ፍቅሩን በሚዳሰስ ነገር ላይ ያሳርፋል። ይህን የሚነቅፍ ቢኖር፥ ዮሴፍ ዐፅሙን ከግብፅ ያወጡለት ዘንድ የእስራኤልን ልጆች እንዳማላቸው ያስታውስ።

ነገር ግን ሙሴ በምድረ በዳ የሰቀለውን የናስ እባብ እንመልከት (ዘኍ. 21፥8-9)። እንዲሠራ ያዘዘ እግዚአብሔር ነው፤ የተነደፉትም ወደ እርሱ እየተመለከቱ ድነዋል። ሕዝቡ ግን ከዳኑ በኋላም አልለቀቁትም። ብዙ መቶ ዓመት ጠብቀው በመጨረሻ ዕጣን ያጥኑለት ጀመር፤ ንጉሡ ሕዝቅያስም ሰባበረው (4 ነገ. 18፥4)። መልካም የነበረውን ነገር መሰናክል ያደረገው ሥራውን ከፈጸመ በኋላ አንለቅም ማለታቸው ነው።

በእርግጥ ለቮልስ ዕጣን ያጠነ ሰው አላየሁም። ሆኖም ልጁ በየቅዳሜው ሸራውን ገልጦ ያጥበው ነበር፤ የአባቱ ስም በቅዳሴ እንዲታሰብለት ካደረገ ግን ዓመት አልፎት ነበር። ስለዚህ ብረትም እናትና ልጅ ማዕድ ለይተው ነበር። ሙታን የሚታሰቡበትን ሥርዓት ቤተ ክርስቲያን አዘጋጅታለች፤ ይኸውም ጸሎተ ፍትሐት፥ ቅዳሴና ምጽዋት ነው። ሸራ ማልበስ ከዚህ ውስጥ አይቈጠርም። ይህንኑ ነገርሁት፤ ሰማኝም።

ገዢም ቶሎ ተገኘ። የዚህ ዓይነት አውቶሞቢል የመጨረሻው በሜክሲኮ አገር በ1995 ዓ.ም. ተሠርቶ ቢያበቃም፥ በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ አሮጌውን የሚፈልግ ሰው አይታጣም። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ከዚህ በኋላ የሆነው ነው።

የቮልስ ባትሪ ከኋላው መቀመጫ ሥር ይቀመጣል፤ አሲዱ የፈሰሰ እንደ ሆነ የወለሉን ላሜራ ይበላዋል። የዚህም ወለል ተበልቶ ተቀድዶ ነበር፤ ፍሬኑም አንዳንድ ጊዜ አልይዝ ይል ነበር። ልጁ በቀዳዳው ላይ አዲስ ምንጣፍ አነጠፈ፤ ስለ ፍሬኑም ዝም አለ። አባቴን አልሸጥም ያለው ሰው ወንድሙን ሊሸጥ ተዘጋጀ።

ብዙዎች «መመርመር የገዢው ፈንታ ነው፤ መካኒክ ይዞ ይምጣ» ይላሉ። ኦሪት ግን እንዲህ አትፈርድም። በሬው ተዋጊ መሆኑን ያላወቀ ባለቤት በሬው ሰው ቢገድልበት ንጹሕ ነው፤ ዐውቆ ያልጠበቀው ግን የደሙ ባለ ዕዳ ይሆናል (ዘፀ. 21፥28-29)። በሬው ያው በሬ ነው፤ ፍርዱን የለየው የባለቤቱ ማወቅ ነው። የማይይዝ ፍሬን ከተዋጊ በሬ በምን ያንሳል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጭን ለዕቃው ጉድለት ዋስ ያደርገዋል፤ ዳኛ ግን የሚደርሰው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው።

ለካህናት ወንድሞቼም የምለው አለኝ። አዲስ አውቶሞቢል ሲገዛ ጠበል እንድንረጭ እንጠራለን፤ መልካም ነው። አሮጌው ሲሸጥ ግን የሚጠራን የለም፤ ሳንጠራም ብንጠይቅ ይገባናል። እኔም ስለ ምንጣፉ የሰማሁት ልጁ ሌላ ነገር ሊጠይቀኝ በመጣ ጊዜ ነው፤ ይኸውም በመስተዋቱ አጠገብ የተለጠፈው የቅዱስ ገብርኤል ሥዕል ምን ይሁን የሚል ነበር። «ልጄ፥ ሥዕሉን በክብር አንሥተህ በቤትህ በምትጸልይበት ስፍራ አኑረው» አልሁት፤ «ነገር ግን አስቀድመህ ምንጣፉን አንሣ።»

በማግሥቱ ገዢውን ጠርቶ ምንጣፉን በእጁ ገለጠለት፤ ስለ ፍሬኑም ነገረው። ለወለሉ ብየዳና ለፍሬኑ የሚበቃ ገንዘብ ከዋጋው ተቀነሰ። በዚያው ሳምንት ልጁ የአባቱን የክርስትና ስም በወረቀት ጽፎ ከእናቱ ጋር ለቅዳሴ መጣ።