በሐራጅ ላይ በሐሰት ዋጋ ስለ መጨመር

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን፤ ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ፥ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።

የተከበርህ አንባቢ ሆይ፤ አላህ ይምራህና ዕወቅ! በሐራጅ መሸጥ የተፈቀደ ነው። አንድ ድኻ የአንሷር ሰው ያመጣውን ምንጣፍና ዋንጫ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከአንድ ድርሃም የሚጨምር እንዳለ ጠይቀው በሁለት ድርሃም እንደ ሸጡለት ተዘግቧል። የተከለከለው ነጅሽ ነው፤ ይኸውም ለመግዛት ሳያስቡ ሌላውን ለማታለል ዋጋ መጨመር ነው። ይህን ክልከላ ዐብዱላህ ኢብን ዑመር አስተላልፈውት ቡኻሪና ሙስሊም መዝግበውታል። የቃሉም መሠረት አውሬን ካለበት አስበርግጎ ለአዳኝ ማውጣት ነው።

በበቆጂ ገበያ አንድ ገበሬ ለእርሻው በሬ ይጫረታል እንበል። የሻጩ ወዳጅ ገዢ መስሎ ከጎኑ ይቆማል፤ ገበሬው በጨመረ ቁጥር እርሱም ይጨምራል፤ በመጨረሻም ገሸሽ ይላል። ገበሬውም ለዘርና ለልጆቹ ልብስ ያስቀመጠውን ሳይቀር ይከፍላል።

ምናልባት፦ «ወዶ ከፈለ፥ ማንም አላስገደደውም፤ ታዲያ በደሉ ከወዴት ነው?» ትል ይሆናል። መልሱ ይህ ነው፦ ዋጋ መጥራት ምስክርነት ነው። «ይህን ያህል እሰጣለሁ» የሚል ሰው ዕቃው በእርሱ ዘንድ ያን ያህል እንደሚያወጣ መመስከሩ ነው። ገበሬው የወደደው ያን ምስክርነት አምኖ ነው፤ ምስክሩ ሐሰተኛ ከሆነ ፈቃዱም የተሰረቀ ነው። በሐነፊያና በሻፊዒያ ዘንድ ሽያጩ ቢጸናም ሥራው ኀጢአት ነው፤ በማሊኪያ ዘንድ ግን ሻጩ አውቆ ካደረገው ገዢው ዕቃውን ሊመልስ ይችላል።

ዛሬ በስልክና በኢንተርኔት በሚደረገው ጨረታ ፈተናው ይበረታል። በገበያ ተጫራቹን በዓይንህ ታየዋለህ፤ በዚያ ግን አንድ ሰው በዐሥር ስም ሊጫረት ይችላል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2000 ኢቤይ በተባለው የአሜሪካ የኢንተርኔት ገበያ የአንድ ሥዕል ዋጋ 135,805 ዶላር ደረሰ፤ ሻጩ በሌላ ስም በገዛ ሥዕሉ ላይ መጫረቱ ሲታወቅ ሽያጩ ተሰረዘ። በ2001ም ሻጩና አንድ ተባባሪው በፍርድ ቤት ጥፋታቸውን አመኑ።

ነገር ግን የተሸነፈ ተጫራች ሁሉ «ተታለልሁ» አይበል። አላህ በሑጁራት ምዕራፍ ከብዙ ጥርጣሬ እንድንርቅ አዝዞናል፤ የበለጠህም ሰው እውነተኛ ፈላጊ ሊሆን ይችላል። ከመጫረትህ በፊት ዋጋውን ጠይቀህ መጨረሻህን ወስን። ማስረጃ ካገኘህ ለአጫራቹ ወይም ለዳኛ አቅርብ፤ ከሌለህ ግን የሰውን ስም አታጥፋ።

አንተም ሻጭ ሆይ፤ ከዚህ በታች አልሸጥም የምትለው ዋጋ ካለህ ከመጀመሪያው በግልጽ ተናገር እንጂ ወንድምህን ወይም ልጅህን በሐሰት አታሰልፍ። ሰው በጨረታ ላይ እምነት ሲያጣ የእውነተኛው ነጋዴ በሬም ያለ ዋጋው ይሸጣልና፥ በደልህ በአንድ ገዢ ላይ ብቻ አይቆምም።

አላህ ሐላሉን ያብቃቃን፤ ከሐራሙም ይጠብቀን። አሚን።