በሁለት ሕግ መካከል የቆመ ጠበቃ

አንድ ሰው አንዱ ሕግ በፈቀደለት ሥራ ኑሮውን ሲመራ፣ ሌላው ሕግ ያንኑ ሥራ ወንጀል ቢለው፣ ይህን ሰው የሚያማክረው ጠበቃ ጥፋተኛ ነውን? ጥያቄው የተማሪዎች የክርክር መለማመጃ ይመስላል፤ ነገር ግን በአሜሪካ ብዙ ጠበቆች በእውነት የገጠማቸው ጉዳይ ነው።

የነገሩ ሥር እንዲህ ነው። በ1970 ዓ.ም. (ዘመኑን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ካናቢስን፣ ማለት ሐሺሽ የምንለውን ዕፅ፣ እጅግ ከተከለከሉት ተራ መደበው። በ1996 የካሊፎርኒያ ሕዝብ ለሕክምና እንዲውል በድምፁ ፈቀደ። በ2005 ግን የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ለሕመም የተተከለውን እንኳ የፌዴራሉ ሕግ ሊከለክለው እንደሚችል ፈረደ። ይህም ሆኖ በ2012 የኮሎራዶና የዋሽንግተን ግዛቶች መራጮች 21 ዓመት ለሞላው ሁሉ ፈቀዱ። እንግዲህ ነጋዴው በግዛቱ ሕግ ባለፈቃድ፣ በፌዴራሉ ሕግ ወንጀለኛ ሆኖ ሱቁን ከፈተ። አበው «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ያሉት እንዲህ ላለው ነው።

ይህ ነጋዴ የኪራይ ውል ለማጻፍ ወደ ጠበቃ ይሄዳል። በብዙ ግዛቶች የሚሠራበት የጠበቆች ደንብ፣ ጠበቃ ወንጀል መሆኑን በሚያውቀው ሥራ ደንበኛውን እንዳይረዳ ይከለክላል፤ የሥራውን ሕጋዊ ውጤት እንዲያስረዳ ግን ይፈቅዳል። በማስረዳትና በመርዳት መካከል ያለው ድንበር ግን እንደ ቃሎቹ ሁሉ የተቀራረበ ነው። ስለዚህ የኮሎራዶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2014 ጠበቃው እንዲረዳ ፈቀደ፤ ደንበኛውን ስለ ፌዴራሉም ሕግ እንዲመክር አዘዘ።

ከእንዲህ ያለ ንግድ የሚገኝ ገንዘብ ጠበቃውንም ያረክሳል የሚሉ አሉ። ሌሎችም ሕግ አስረጂ ካጣ ለዐዋቂው በር፣ ላላዋቂው ወጥመድ ይሆናል ሲሉ ይመልሳሉ። እኛ በኋለኞቹ አሳብ እንስማማለን፤ ዳሩ ግን ጠበቃው ሕጉን ሳይከፍል ሙሉውን ከተናገረ ብቻ ነው።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በ1982 የወጣ የግብር ሕግ በእነዚህ ዕፆች የነገደ ሰው የኪራይና የማስታወቂያ ወጪውን እንዳይቀንስ ስለ ከለከለ፣ ሳያተርፍ ግብር የተጠየቀ ነጋዴ ታይቷል። በ2013 የፍትሕ ሚኒስቴር ዐቃብያነ ሕግ ግዛቶቹ በጥብቅ የሚቈጣጠሩትን ንግድ እንዳያስቀድሙ የሚያሳስብ ደብዳቤ ጻፈ፤ በጥር 2018 ደብዳቤው ተሻረ። በደብዳቤው ተማምኖ «አትፍራ» ያለ ጠበቃ ደንበኛውን ያስጠጋው በሕግ ላይ ሳይሆን በሹማምንት በጎ ፈቃድ ላይ ነበር።

የመካሪ ታማኝነት የሚታወቀው፣ ደንበኛውን የሚያሸሸውንና የራሱን ዋጋ የሚያስቀረውን ቃል ለመናገር በመድፈሩ ነው። ከንግዱ ድርሻ የተቀበለ ጠበቃ ግን ይህን ድፍረት አስቀድሞ ሸጦታል። ከዚህም በላይ፣ የተፈቀደ ሁሉ በጎ አይደለም፤ ዕፁ በወጣት አእምሮ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት የመራጮች ድምፅ አይሽረውም። ሕግ ለጠበቃው የሚፈቀደውን ይነግረዋል፤ የሚገባውን መጠየቅ ግን የኅሊናው ፈንታ ነው።

ይህ ፈተና የጠበቆች ብቻ አይደለም። ደንብ ለባለጉዳይ የምናስረዳ ሠራተኞችም፣ ለተማሪ የምንተረጕም መምህራንም ስንሆን፣ ግማሹን እውነት የሰጠነው ሰው በቀረው ግማሽ እንዳይወድቅ ልናስብለት ይገባናል።